አንድ ፕሪንተር በሦስት ስም፦ ህትመት ቶሎ ለማስጀመር

አራት ኪሎ ዙሪያ ባለ ፕሪንት ቤት የመመረቂያ ጽሑፍ ሰሞን ጊዜ የሚበላው ማሽኑ ብቻ አይደለም። ለየደንበኛው ፕሮፐርቲስ ተከፍቶ ወረቀቱ፣ ቀለሙ፣ ፊትና ጀርባው እንደ አዲስ ይመረጣል። አንዱ ከተረሳ 80 ገጽ በአንድ ፊት ወጥቶ ቁጭ ይላል። ምርጫውን አንዴ ሠርታችሁ ስም ስጡት።

መጀመሪያ ያንኑ ፕሪንተር ዊንዶውስ ላይ ደግማችሁ ጫኑት። «አድ ፕሪንተር» ውስጥ በእጅ መጨመሩን፣ ከዚያ ሎካል ፕሪንተርን ምረጡ። ፖርቱ (ኮምፒውተሩ ከማሽኑ ጋር የሚገናኝበት መስመር) የመጀመሪያው የያዘው ራሱ ይሁን፤ ድራይቨሩም (ዊንዶውስ ማሽኑን የሚያዝበት ፕሮግራም) ያው የተጫነው። ስሙን «ጥቁር ፊትና ጀርባ» በሉት። «ጥቁር አንድ ፊት» እና «ከለር» እያላችሁ ድገሙ። በመሣሪያዎች ዝርዝር ላይ አንድ ምስል ብቻ ቢታይ አትደንግጡ፤ ኮንትሮል ፒ ስትጫኑ ሦስቱም ተለይተው ይመጣሉ።

ዋናው ሥራ ቀጥሎ ነው። በየስሙ ፕሪንተር ፕሮፐርቲስ፣ አድቫንስድ፣ ከዚያ «ፕሪንቲንግ ዲፎልትስ» ግቡና አስተካክሉ። «ፕሪንቲንግ ፕሪፈረንስስ» ላይ የተደረገ ለውጥ ለዚያ አካውንት ብቻ ስለሆነ፣ የማታው ሠራተኛ በራሱ አካውንት ሲገባ አያገኘውም። ወረቀቱ ኤ4 መሆኑን በዓይናችሁ እዩ። ሌተር ሆኖ ከቀረ (216 በ279 ሚሊሜትር ነው፣ ኤ4 ግን 210 በ297) ማሽኑ ትሪው ውስጥ የሌለ ወረቀት እየጠበቀ ይቆማል፤ ሰውም ተበላሸ ብሎ ያጠፋዋል። ዊንዶውስ ዲፎልት ፕሪንተሩን (ሌላ ካልተመረጠ የሚታተምበትን) ራሱ እንዲመርጥ የሚፈቅደውንም አጥፉት፤ አለዚያ መጨረሻ የታተመበትን ስም ዲፎልት እያደረገ ያሳስታችኋል።

ከዚህ በኋላ ኮንትሮል ፒ፣ ስሙ፣ ፕሪንት፤ በቃ። ፋይሉን ግን በፒዲኤፍ ተቀበሉ። በድሮው የፓወር ግዕዝ ፎንት የተጻፈ የወርድ ፋይል፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ሦስቱም «ኦፍላይን» ካሉ፣ በኔትወርክ ለተገናኘ ማሽን ራውተሩ አይፒውን (የኔትወርክ አድራሻውን) ቀይሮበት ሊሆን ይችላል። ራውተሩ ላይ ቋሚ አይፒ ያዙለት። በዩኤስቢ ከሆነ ገመዱን ሁልጊዜ እዚያው ቀዳዳ ላይ ሰኩ፤ ቦታው ሲቀየር ዊንዶውስ «ኮፒ 1» የሚል ሌላ ፕሪንተር ሊፈጥር ይችላል፣ የናንተ ሦስት ስሞች ግን የድሮውን ፖርት ይዘው ይቀራሉ።

ወረፋው ላይ ተጣብቆ አልሰረዝ ያለ ሥራ ካለ፣ የዊንዶውስ ሰርቪስስ ውስጥ ፕሪንት ስፑለርን (ወረፋውን የሚያስተናግደውን) አቁሙ፣ የስፑል ፎልደሩን (ሥራዎቹ ተራ የሚጠብቁበትን) ባዶ አድርጉ፣ መልሳችሁ አስነሱ። ይህ የሦስቱንም ስሞች ወረፋ ስለሚያጠፋ፣ ገና ያልወጣላቸውን ደንበኞች ቀድማችሁ መዝግቡ።