ከዓይን ቀዶ ጥገና በኋላ የዓይን ጉድጓድ ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ሲታዘዝ እንዴት እንዘጋጅ?

አባቴ ሬቲናው (ዓይን ውስጥ ከጀርባ በኩል ያለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን) ተላቆ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ከስድስት ወር በኋላ በዚያው ዓይኑ ዙሪያ እብጠት ወጣ፤ ሲቲ ስካንም ታዘዘለት። ይዤው የሄድኩት እኔ ነኝ። ማዘዣና ገንዘብ ይዤ ነበር፣ ሌላ ምን ያስፈልጋል ብዬ። ማታ የመጣው ሪፖርት ግን «ዓይኑ ውስጥ ደም ሊሆን የሚችል ነገር ይታያል» ይላል። ያን ሌሊት ቤት ውስጥ የተኛ ሰው አልነበረም። ጠዋት ቀዶ ጥገናውን የሠራችው ሐኪም ፊልሙን አየችና «ደም አይደለም፣ እኔ የጨመርኩት ዘይት ነው» አለች።

ስለዚህ ከሁሉም በፊት ይህን አድርጉ።

1. ዓይኑ ውስጥ ምን እንደተተወ የሚናገር ወረቀት ያዙ

ማዘዣው ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው አንድ መስመር ነው፦ «የዓይን እብጠት፣ ሲቲ»። ፊልሙን የሚያነበው ራዲዮሎጂስት ደግሞ በሽተኛውን አያገኘውም። ያለው ምስሉና ያቺ መስመር ብቻ ናት።

ሬቲና ሲሠራ ዓይን ውስጥ የሚሞላው ሲሊኮን ዘይት ሲቲ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። ደምም ነጭ ነው። ጋዝ ከተሞላ ደግሞ እንደ አየር ጥቁር ይሆናል፤ የማያውቅ ሰው ዓይኑ ተበስቶ አየር ገባበት ሊል ይችላል። ሬቲናውን ለመደገፍ ዓይኑ ዙሪያ የሚታሰር የሲሊኮን ቀበቶ አለ። ዓይን ወጥቶ በምትኩ የሚቀመጥ ኳስም አለ። እነዚህን ሁሉ አስቀድሞ ያልተነገረው ባለሙያ እንደ በሽታ ቢያያቸው አይፈረድበትም።

ስለዚህ ቀዶ ጥገናው ወደተሠራበት ቦታ ሂዱና ካርድ ክፍል የቀዶ ጥገናውን ማጠቃለያ ኮፒ ጠይቁ። አራት ነገር ይኑርበት፦ የትኛው ዓይን፣ መቼ፣ ምን ተደረገ፣ ምን ተተወበት። ኮፒው ካልተገኘ ሐኪሙ ማዘዣው ላይ በእጁ «ቀኝ ዓይን ሲሊኮን ዘይት አለው» ብሎ ይጻፍላችሁ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። አደራ፣ ሳታፍሩ ጠይቁ።

2. ማዘዣው «የጭንቅላት» ወይስ «የዓይን ጉድጓድ» ይላል?

ልዩነቱ ትልቅ ነው። ሲቲ አካልን እንደ ዳቦ በቁራጭ በቁራጭ ያሳያል፤ የጭንቅላት ሲቲ ብዙ ጊዜ የሚታየው በ5 ሚሊ ሜትር ቁራጭ ነው። የዓይን ነርቭ ራሱ ውፍረቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከቁራጩ ይቀጥናልና በደንብ ላይታይ ይችላል። ለዓይን ጉድጓድ 1 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ የቀጠነ ቁራጭ ያስፈልጋል። ከመከፈሉ በፊት አረጋግጡ።

3. ጋዝ ካለ መንገዱንም አስቡ

ጋዙ ሳይጠፋ አውሮፕላን መሳፈር ክልክል ነው። ከፍታ ሲጨምር ጋዙ ይለጠጣል፣ የዓይን ግፊት ይንራል፣ ማየትም ሊጠፋ ይችላል። ይህ የአውሮፕላን ጉዳይ ብቻ አይደለም። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ። ለምርመራ በመኪና ሽቅብ መውጣትም ሐኪሙን ሳይጠይቁ አይሆንም። እንደ ጋዙ ዓይነት ከሁለት ሳምንት እስከ ሁለት ወር ገደማ ይቆያል። ማሽኑ ላይ በጀርባ መተኛት ይፈቀድ እንደሆነም በዚያው ጠይቁ።

4. ኤምአርአይ ከሆነ፦ ብረትና ኩል

ኤምአርአይ ትልቅ ማግኔት ነው። በሽተኛው ብየዳ ወይም ግራይንደር ላይ የሠራ ከሆነ፣ አንድ ቀንም ቢሆን ብረት ዓይኑ ውስጥ ገብቶ የሚያውቅ ከሆነ፣ ተናገሩ። ዓይን ውስጥ የቀረች ስባሪ ማሽኑ ውስጥ ልትንቀሳቀስ ትችላለች። በቅድሚያ በኤክስሬይ ወይም በሲቲ ይታያል። የሞራ ቀዶ ጥገና ሌንስ ፕላስቲክ ስለሆነ አያስጨንቅም።

ኩልና ማስካራ ከዋዜማው ይነሱ። ውስጣቸው ብረት ነክ ነገር ሊኖር ስለሚችል ምስሉን ያበላሻሉ፣ ቆዳም ሊያሞቁ ይችላሉ። ቅርብ ጊዜ የተሠራ ዓይን ግን አይታሽም፤ በምን እንደሚጠረግ ሐኪሙን ጠይቁ።

5. ማሽኑ ላይ

ሲቲ ቶሎ ያልቃል። ኤምአርአይ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል፤ ጭንቅላት ብቻ ሳይሆን ዓይንም መንቀሳቀስ የለበትም። አባቴን ሌላ ጊዜ ያነሳችው ባለሙያ «አባባ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑና ግድግዳ ላይ አንድ ነጥብ እያዩ ያሉ ይምሰልዎት» አለችው። በደንብ ሠራ። ሳል ካለ ቀድማችሁ ንገሩ። ምርመራው ምስሉን የሚያጎላ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ካለው ደግሞ የኩላሊት ችግር፣ የስኳር መድኃኒትና አለርጂ ካለ አትደብቁ።

6. ሲዲውን ተቀበሉ

ፊልም ብቻ ይዛችሁ አትውጡ። በስልክ ተነስቶ በቴሌግራም የሚላክ ፊልምም ለእኔ ዋጋ የለውም፤ ቀጫጭኑ ቁራጭ ሁሉ ያለው ሲዲው ላይ ነው። የቆየ ምስል ካለ ለማወዳደር አብሮ ይሂድ። ሪፖርቱን ደግሞ ቀዶ ጥገናውን የሠራው ሐኪም ሳያየው አታልቅሱበት።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። ከቀዶ ጥገና በኋላ ዓይን በድንገት ወደ ውጭ ከገፋ፣ ከባድ ሕመም ከመጣ ወይም ማየት ከቀነሰ፣ ወረቀት ፍለጋውን ተዉትና በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

አሁን አባቴ ከመታወቂያው ጀርባ ትንሽ ወረቀት ይይዛል፦ «ቀኝ ዓይን፣ ሲሊኮን ዘይት»፣ ከነቀኑ። ዘይቱ ሲወጣ ሰርዘን አዲሱን እንጽፋለን።