ሊኑክስ ላፕቶፕ ላይ ዋይፋይ ሲቆራረጥ፦ መጀመሪያ ጥፋቱ የት እንዳለ መለየት

ዋይፋይ ሲቆራረጥ ብዙ ሰው ራውተሩን ነቅሎ ይሰካል፤ እሱ ካልሰራ ኡቡንቱ የተባለውን ሊኑክስ እንደ አዲስ ይጭናል። እንደ አዲስ መጫን ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ ችግሩም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይጠብቃል። በአያት፣ በጣፎ፣ በጀሞ ወይም በኮዬ ፈጬ ሰፈሮች መስመሩ የሚበጠስበት ቦታ ሁለት ነው፦ አንዱ ከላፕቶፑ እስከ ራውተሩ፣ ሌላው ከራውተሩ ወደ ውጭ። የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ ምንም አትነካኩ።

ትእዛዞቹን እንደሚነበቡት ጽፈናቸዋል፤ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ግን በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ይተየባሉ።

ሁለት ፒንግ

ሴቲንግ ውስጥ ዋይፋይ የሚለው ጋ ገብታችሁ ከተገናኛችሁበት ስም አጠገብ ያለውን የጊር ምልክት ንኩ። ዲፎልት ራውት ከሚለው ጎን ያለው ቁጥር የራውተሩ አድራሻ ነው፤ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.8.1 ይሆናል። ፒንግ ወደ አንድ አድራሻ መልእክት ልኮ መልሱ በስንት ሚሊሰከንድ እንደደረሰ የሚያሳይ ትእዛዝ ነው። ሁለት ተርሚናል ክፈቱ። በአንዱ ፒንግ ብላችሁ ይህን አድራሻ፣ በሌላው ፒንግ ብላችሁ ከቤት ውጭ ያለውን የጉግል አድራሻ 8.8.8.8 ጻፉ። አምስት ደቂቃ ይሂድና ኮንትሮልና ሲን ተጭናችሁ አቁሙ።

የራውተሩ ፒንግ ከ10 ሚሊሰከንድ በታች ሳይዋዥቅ ከሄደና የውጭው ብቻ ከተቋረጠ ላፕቶፑ ንጹህ ነው። የፋይበር መስመር ካላችሁ በሳጥኑ ላይ ኤልኦኤስ የሚለውን መብራት እዩ፤ ቀይ ከሆነ በፋይበሩ ውስጥ ብርሃን እየደረሰ አይደለም፣ ለአቅራቢው ደውሉ። በሲም የሚሰራ ራውተር ከሆነ ጥቅሉ አልቆ እንዳይሆን አረጋግጡ። ሁለቱም ፒንግ ደህና ሆኖ ገጾች ግን አልከፈት ካሉ የላፕቶፑን ቀን ተመልከቱ። ያገለገሉ ላፕቶፖች ላይ የእናት ቦርዱ ትንሽ ባትሪ ደክሞ ቀኑ ወደ ኋላ ይሄድና ብራውዘሩ የድረ ገጾችን ሰርተፊኬት አይቀበልም። አውቶማቲክ ቀንና ሰዓት የሚለውን አብሩ፤ ባትሪውንም አስቀይሩ።

የራውተሩ ፒንግ ራሱ ከተበላሸ ጉዳዩ ቤት ውስጥ ነው። ቀጥሉ።

የሲግናሉ ጉልበት

አይደብሊው ዴቭ ብላችሁ የዋይፋይ ካርዱን ስም እወቁ፤ ደብሊውኤል ብሎ ይጀምራል። ቀጥሎ አይደብሊው ዴቭ፣ ያ ስም፣ ሊንክ ብላችሁ ሲግናል የሚለውን መስመር አንብቡ። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ስለሆነ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ይበረታል። −50 ዲቢኤም በጣም ጥሩ ነው፣ −67 ለቪዲዮ ጥሪ ይበቃል፣ ከ−75 ወዲያ መቆራረጥ ይጀምራል።

ቁጥሩ ደካማ ከሆነ ግቢውን ተመልከቱ። ራውተሩ ሳሎን ሆኖ ላፕቶፑ ሰርቪስ ቤት ከሆነ በመካከሉ ያለው የብሎኬት ግድግዳ ሞገዱን ያደክመዋል፤ የቆርቆሮ ግድግዳና በር ደግሞ ጭራሽ አያሳልፉም ማለት ይቻላል፣ መልሰው ይልኩታል። ራውተሩን ከቴሌቪዥን ጀርባ መደበቅ ሳሎኑን ያሳምር ይሆናል፣ ሞገዱን ግን ያንቃል። ከፍ ያለ ቦታ፣ መስኮት አጠገብ አድርጉት።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ግን ሲግናሉ ጠንካራ ሆኖም ሊቆራረጥ ይችላል፤ ከላይ ከታች ያሉት ጎረቤቶች ሁሉ በአንድ ቻናል ላይ ይጯጯሃሉ። ኤንኤምሲኤልአይ ዲቫይስ ዋይፋይ ሊስት በሉ፤ ማን በየትኛው ቻናል ላይ እንዳለ ይዘረዝራል። በ2.4 ጊጋኸርዝ ከ1፣ ከ6 ወይም ከ11 ሰው ያልበዛበትን መርጣችሁ ራውተሩ ላይ አስተካክሉ፣ የቻናሉን ስፋትም 20 ሜጋኸርዝ አድርጉ። ስልክ የሚያየውን ዋይፋይ ላፕቶፑ የማያየው ከሆነ ራውተሩ ቻናል 12 ወይም 13 ላይ መሆኑን ጠርጥሩ። እዚያው ክፍል ውስጥ የምትጠቀሙ ከሆነ 5 ጊጋኸርዝ ይሻላል፤ ግድግዳ ማለፍ ላይ ግን ደካማ ነው። የዩኤስቢ 3 ሃርድ ዲስክ በተሰካ ቁጥር ዋይፋዩ የሚዝል ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የገመዱ ነው፤ በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ጫጫታ ይረጫል።

ኃይል ቆጣቢው

ሲግናሉ −45 ሆኖ እያለ የራውተሩ ፒንግ 2፣ 3፣ ከዚያ ድንገት 180 የሚል ከሆነ ካርዱ ባትሪ ለመቆጠብ እያንቀላፋ ነው። ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ምክንያት ይህ ነው። ለመሞከር (ሱዶ በአስተዳዳሪ ፈቃድ ማለት ነው) ሱዶ አይደብሊው ዴቭ፣ የካርዱ ስም፣ ሴት ፓወር_ሴቭ ኦፍ በሉና ፒንጉን መልሳችሁ እዩ። ከተረጋጋ አገኛችሁት፤ ይህ ለውጥ ግን ላፕቶፑ ተዘግቶ ሲከፈት ይጠፋል።

ኡቡንቱ ላይ ለዘለቄታው ለማጥፋት ኢቲሲ ከሚለው ፎልደር ውስጥ ኔትወርክማናጀር (ኤንና ኤም በትልልቅ ፊደል)፣ በእሱም ውስጥ ኮንፍ ነጥብ ዲ ወደሚለው ግቡ። ዲፎልት-ዋይፋይ-ፓወርሴቭ-ኦን የሚለውን ፋይል በሱዶ ናኖ (ናኖ የጽሑፍ ማረሚያ ነው) ከፍታችሁ 3 የሚለውን ቁጥር በ2 ተኩና ላፕቶፑን ሪስታርት አድርጉ። 3 ይቆጥብ፣ 2 አይቆጥብ ማለት ነው።

መብራት ሲሄድ ብቻ የሚደክም ዋይፋይስ? ራውተሩ በዩፒኤስ እየሰራ ላፕቶፑ ወደ ባትሪ ሲዞር ቲኤልፒ የሚባለው ፕሮግራም ቁጠባውን መልሶ ያበራዋል። ቲኤልፒ ከጫናችሁ በእሱ ማስተካከያ ፋይል ውስጥ ዋይፋይ_ፒደብሊውአር_ኦን_ባት የሚለውን በትልልቅ ፊደላት የተጻፈ መስመር ኦፍ አድርጉት፤ አለበለዚያ የላይኛው ስራ ከንቱ ይቀራል።

ካርዱ ራሱ

ኤልኤስፒሲአይ ብላችሁ የካርዱን ሰሪ እወቁ። ኢንቴል ከሆነ ብዙም አያስቸግርም። ብሮድኮም ተጨማሪ ድራይቨር (ካርዱን ከሊኑክስ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ይፈልጋል፤ የሊኑክሱ እምብርት የሆነው ከርነል ሲታደስ ድራይቨሩ አብሮ ሳይታደስ ከቀረ ዋይፋዩ ድንገት ይጠፋል። ያኔ ስልካችሁን በዩኤስቢ ገመድ ሰክታችሁ የዩኤስቢ ቴተሪንግ አብሩ፤ ላፕቶፑ እንደ ኬብል ኢንተርኔት ይቆጥረዋል፣ ድራይቨሩንም በእሱ ታወርዳላችሁ።

ሪያልቴክ 8723ቢኢ የተገጠመላቸው አንዳንድ ኤችፒዎች ራውተሩ ስር ተቀምጠው እንኳ አንድ መስመር ብቻ ያሳያሉ። አንቴናው አንድ ሆኖ ሳለ ድራይቨሩ ባዶውን ቀዳዳ ያዳምጣል። ኢቲሲ ውስጥ ሞድፕሮብ ነጥብ ዲ ላይ በነጥብ ኮንፍ የሚያልቅ አዲስ ፋይል በሱዶ ናኖ ፍጠሩና ኦፕሽንስ አርቲኤል8723ቢኢ አንት_ሰል=2 ብላችሁ ጻፉ፤ ከሪስታርት በኋላ ካልተሻለ በ1 ሞክሩ።

ላፕቶፑ ራም ሲጨመርለት ወይም ሲጸዳ ከተከፈተ ወዲህ የደከመ ከሆነ ግን ሶፍትዌሩን ተዉት። ካርዱ ላይ የሚሰኩት ጥቁርና ነጭ ቀጫጭን የአንቴና ሽቦዎች ተነቅለው ይሆናል። ባትሪውን አላቅቃችሁ ሽቦዎቹን ቀጥ አድርጋችሁ ጫን በሏቸው፣ ቀጭ ሲሉ ገብተዋል። ካርዱን ለመቀየር ካሰባችሁ ደግሞ አስቀድማችሁ አጣሩ፤ የቆዩ ቲንክፓዶች የማያውቁት ካርድ ሲገባ 1802 የሚል ስህተት አውጥተው አንነሳም ይላሉ።