የአሮጌ ሚኒባስ የመሪ ዘይት፦ ጋራዥ የሚያመላልሱን ስህተቶች

ቤታችን ያለችው ሃይስ ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም አያንስም። ባለ ፋይቭ ኤል የናፍጣ ሞተር ናት። አዘቦት ቀን ዕቃ ትጭናለች፤ ቅዳሜና እሁድ ሰርግና ለቅሶ ታመላልሳለች። ሞተሯ አስቸግሮን አያውቅም። አንጀታችንን ያሳረረችው በመሪዋ ነው። ሦስት ጋራዥ ዞረን፣ ሁለት ፓምፕ ቀይረን ነው ነገሩ የገባን። እናንተ እንዳትደግሙት ጥፋቶቻችንን ልዘርዝር።

ጎደለ ሲሉ መሙላት ብቻ

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ሞተር ያረጀ ጊዜ ዘይት ይበላል። መሪ ግን ዘይት አይበላም። ዘይቱ ከማጠራቀሚያው ወደ ፓምፕ፣ ከፓምፑ በግፊት ቱቦ ወደ መሪው ሳጥን ይሄድና በመመለሻው ቱቦ ይመለሳል። ዙሩ ዝግ ነው። ከጎደለ የሆነ ቦታ ፈሷል ማለት ነው።

እኛ አራት ወር ሙሉ በየሳምንቱ ስንጨምር ቆየን። አንድ ቀን ሽማግሌው መካኒክ ጠየቁኝ።

«እስካሁን ስንት ሊትር ጨመራችሁ?»

«አራት ይሆናል ጋሼ።»

«መላው መስመር የሚይዘው አንድ ሊትር ገደማ ነው። የቀረው የት ገባ ልጄ?»

መልስ አልነበረኝም።

ዘይቱ የሚያመልጥባቸው ቦታዎች ብዙ አይደሉም። የግፊት ቱቦው ከብረቱ ጋር የሚጋጠምበት፣ የመመለሻው ቱቦ ማሰሪያ፣ የፓምፑ ፓራሎሊ (የዘንጉ ማሸጊያ ጎማ)፣ ከዚያ ደግሞ በመሪው ሳጥን ጫፍና ጫፍ ያሉት የጎማ ሽፋኖች። የመጨረሻዎቹ ተንኮለኞች ናቸው። ከውጭ ደረቅ ይመስላሉ፤ ውስጣቸው ግን ዘይት ያቁራል። ጫን ስታደርጉት እንደ ውሃ ላስቲክ ከተንቦጫረቀ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ሃይስ ላይ ሌላም ጣጣ አለ። ሞተሩ ያለው ከፊት ወንበር ሥር ነው። የጋቢና ሰው ካልወረደና ወንበሩ ካልተነሳ ፓምፑም፣ እሱን የሚያዞረው ቀበቶ ቺንጋውም አይታይም። ሥራ ላይ ያለ ሹፌር ይህን ሁሉ አያደርግም፤ አልፈርድበትም። ቀላሉ ዘዴ ማታ ሲያቆሙ ከሥሯ ካርቶን ማንጠፍ ነው። ጠዋት ጠብታው የትኛው ክፍል ሥር እንዳረፈ ያሳያችኋል። ቀላ ያለ ከሆነ መሪውን ጠርጥሩ። ጥቁር ከሆነ ሞተሩ ሊሆን ይችላል፤ ግን ያረጀ የመሪ ዘይትም ይጠቁራልና ቦታውን አጣሩ።

ሞተሩ እየሠራ የግፊት ቱቦውን በባዶ እጅ እየዳበሳችሁ ቀዳዳ አትፈልጉ። መሪው ጥግ ሲይዝ በውስጡ ያለው ግፊት ከ70 ባር ሊያልፍ ይችላል። በመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል።

«ዘይት ዘይት ነው» ብሎ የፍሬን ዘይት መጨመር

ከደብረ ብርሃን ስንመለስ ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት አልፏል፤ መሪው ድንጋይ ሆኗል። ይነዳ የነበረው ያጎቴ ልጅ ከወንበር ሥር የፍሬን ዘይት አገኘና ግልብጥ አደረገው። ለሰዓታት ያህል ልስልስ አለልን፤ እንዲያውም አመሰገንነው። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ግን መሪው በየመገጣጠሚያው ያለቅስ ጀመር።

ምክንያቱ ጎማው ነው። የመሪ ማሸጊያዎች የሚሠሩት የማዕድን ዘይት ከሚችል ጎማ ነው። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከስሙ በቀር ዘይት አይደለም፤ ባሕርይው ሌላ ነው። ማሸጊያዎቹን ያሳብጥና ያላሽቃል። በስህተት ከተጨመረ ሞተሩን ሳታስነሱ ማጠራቀሚያውን በመርፌ መጥጣችሁ አውጡት። ሞተሩ አንዴ ከዞረ ግን መስመሩ በሙሉ መታጠብ አለበት። የተገላቢጦሹ የባሰ ነው፦ የመሪ ዘይት ፍሬን ውስጥ ከገባ መኪናዋ ንቅንቅ ማለት የለባትም።

ታዲያ የትኛው ነው ትክክለኛው? ለእነዚህ አሮጌ ሃይሶች ቶዮታ የሚያዘው ዴክስሮን ሁለት ወይም ሦስት ኤቲኤፍ ነው፤ ያው ለአውቶማቲክ ካምቢዮ የሚሆነው ቀዩ ዘይት። መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ «የመሪ ዘይት» ስትሉ የሚሰጣችሁን ዝም ብላችሁ አትቀበሉ፤ ጀርባው ላይ ዴክስሮን የሚል መኖሩን አንብቡ። የጀርመን ቫን ያላችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ። ብዙ ፎልክስዋገኖች የሚፈልጉት አረንጓዴውን ነው፤ ከቀዩ ጋር አይቀላቀልም።

ትኩሱን በቀዝቃዛው ምልክት መለካት

የማጠራቀሚያው መለኪያ ላይ ሁለት ምልክት አለ፤ አንዱ ለቀዝቃዛ፣ አንዱ ለትኩስ። ዘይት ሲሞቅ ይነፋል። ጠዋት ቀዝቃዛ ሆኖ እስከ ትኩሱ ምልክት የሞላ ሰው ቀትር ላይ በክዳኑ ሲተፋ ያየዋል፤ ከዚያ «ያፈሳል» ብሎ ጋራዥ ይሄዳል። ክዳኑን ከመክፈታችሁ በፊት ዙሪያውን በጨርቅ ጥረጉ። አቧራችንን ታውቁታላችሁ።

አየሩን ሳያስወጡ መንዳት

ዘይቱ እስኪያልቅ ከቆየ መስመሩ አየር ይስባል። ሞልታችሁ ስትነሱ መሪው ሲዞር ያቃስታል፤ ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው ዘይት እንደ ጠላ አረፋ ያወጣል። የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አንሱ። ሞተሩ ጠፍቶ መሪውን ቀስ እያላችሁ ከጥግ እስከ ጥግ ደጋግማችሁ አዙሩ፤ እየጎደለ ሲሄድ ሙሉ። ቀጥሎ ሞተሩን አስነሱና ድገሙት። አረፋው ሲጠፋና ዘይቱ ሲጠራ አበቃ። ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ይህን ያልሠራ መካኒክ ሥራውን አልጨረሰም።

መሪን ጥግ አስይዞ መቆየት

ጠባብ ቦታ ላይ ስትዞሩ መሪው ጥግ ሲደርስ «እእእ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ያኔ ዘይቱ ባለበት ይፋጫል፤ በሰከንዶች ውስጥ ይግላል። ከአሥር ሰከንድ በላይ አታቆዩት። ትንሽ ፈታ አድርጉለት።

ሁሉን በዘይት ማላከክ

ዘይቱ ሙሉ ሆኖ መሪው ከከበደ መጀመሪያ የፊት ጎማ ንፋስ ለኩ፤ ቀጥሎ ቺንጋውን እዩ። የላላ ቺንጋ መሪ ሲዞር «ጭውውው» ብሎ ይጮኻል። የፓምፕ ድምፅ ግን ማቃሰት ነው። ጆሮ ይለምደዋል።

ፓምፕ ቀይሮ አሮጌውን ዘይት መተው

ሁለተኛው ፓምፕ የሞተብን በዚህ ነው። የመጀመሪያው በደረቁ ሲሠራ ውስጡ ተፋቀ። አዲሱን ገጠሙልን፤ ዘይቱ ግን ያው። ገንዘብ ለመቆጠብ ያልነው እኛ ነን፤ ማንንም አልወቅስም። በሁለት ወሩ ማቃሰቱ ተመለሰ። ያኔ ነው ሽማግሌው መካኒክ ማጠራቀሚያውን ፈትተው፣ ሥሩ ያለውን ወንፊት በነጭ ጨርቅ ጠርገው ፀሐይ ላይ የዘረጉልኝ። ጥቁር ጭቃ መስሎኝ ነበር። ጨርቁን ዘንበል ሲያደርጉት እንደ ብር አቧራ አብለጨለጨ። የመጀመሪያው ፓምፓችን ነበር።