ሳይነስ ሲቲ ስካን ለታዘዘላችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች

ደሴ ያደገ ሰው ሳይነስን ያውቀዋል። የጦሳ ተራራ ብርድ ግንባር ላይ ሲቀመጥ ባሕር ዛፍ ቅጠል ይቀቀላል፣ ጋቢ ተከናንቦ መታጠን ነው። ውጭ አገር ግን የአንገት በላይ ሐኪሙ «ሲቲ ስካን ተነሺ» ሲለኝ ደነገጥኩ። ቤት ደውዬ ስነግራት እናቴ «ጭንቅላትሽ ምን ሆነ?» ብላ አለቀሰች። እኛ ጋ ሲቲ ሲባል ከባድ በሽታ ነው የሚታሰበን። ስለዚህ ቤት ስትደውሉ መጀመሪያ «የአፍንጫ ምርመራ ነው» በሉ።

ምርመራው ራሱ ቀላል ነው። ጨረሩ የራጅ ዓይነት ነው፤ መጠኑም ከአካባቢያችን በተፈጥሮ በዓመት ከምናገኘው ያንሳል። በጀርባችሁ ትተኛላችሁ፣ አልጋው ትልቅ ቀለበት ወደሚመስል ማሽን ይገባል። እንደ ዋሻ ጠባብ የሆነውና የሚጮኸው ኤምአርአይ የሚባለው ሌላ ማሽን ነው፤ ይሄ አጭርና ክፍት ነው። ፎቶው በሴኮንዶች ያልቃል። አብዛኛውን ጊዜ መርፌም ጾምም የለውም። አለመነቃነቅ ብቻ ነው።

ብረት ፎቶውን ያበላሻል። የጆሮ ጌጥ፣ መነጽር፣ የፀጉር ማስያዣ፣ የሚወልቅ ጥርስ፣ የአንገት መስቀል፣ የሂጃብ ስፒል ይወልቃል። ሂጃብ የምትለብሱ ስፒል የማይፈልገውን አድርጋችሁ ሂዱ፤ ሴት ባለሙያ እንድታነሳችሁም ጠይቁ። እርግዝና ካለ ወይም ከተጠራጠራችሁ ሳትገቡ ተናገሩ።

እኔን ያስቸገረኝ ማሽኑ ሳይሆን ወሬው ነው። ሐኪሙ «ከጀመረሽ ስንት ጊዜ ሆነ?» ሲለኝ «ቆይቷል» አልኩት። ቆይቷል መልስ አይሆንም። ሥር የሰደደ ሳይነስ የሚባለው 12 ሳምንትና ከዚያ በላይ ሲቆይ ስለሆነ ሳምንቱን ቁጠሩ። አፍንጫችሁ በየትኛው በኩል እንደሚደፈን፣ የንፍጡን ቀለም፣ ሽታ መለየት ትችሉ እንደሆነ በአማርኛ ጽፋችሁ ያዙ። ራስ ምታቱ ብርሃንና ድምፅ የሚያስጠላ ከሆነም ንገሩት፤ ሳይነስ የምንለው ብዙ ጊዜ ማይግሬን ሆኖ ይገኛል።

አስተርጓሚ ጠይቁ። አሜሪካ ውስጥ የፌደራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ፣ እባካችሁ። ኢንሹራንሳችሁ አስቀድሞ መፍቀድ እንዳለበትም ከቀጠሮው በፊት ደውላችሁ አጣሩ።

ውጤቱ ሐኪሙ ሳያናግራችሁ ስልካችሁ ላይ ሊመጣ ይችላል። የውስጥ ሽፋኑ ወፍሯል ወይም የአፍንጫው መሃል ግድግዳ ተጣሟል የሚል ካያችሁ ሌሊቱን ጎግል ስታደርጉ አትደሩ። ምንም የማያማቸው ሰዎችም ላይ በብዛት ይታያል። ሐኪሙን «ሕመሜን ያመጣው ይሄ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት።

ዓይን ዙሪያ ካበጠ፣ እይታ ከተደበላለቀ፣ ወይም ትኩሳት በርትቶ አንገት ከደረቀ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ። ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።