የኋላ አሞርዛቶር ከመግዛትህ በፊት ለካ

አሞርዛቶር ማለት የሞተር ሳይክሉን ንዝረት የሚያበርደው ባለ ሞላ ዘንግ ነው። ሻጩ «ለሁሉም ሞተር ይሆናል» ካለህ አትመነው። እንደ ቦክሰር ግራና ቀኝ ሁለት አሞርዛቶር ያለው ሞተር ከያዝክ ሜትርና ካሊፐር (ውፍረትና ቀዳዳ መለኪያ) አዘጋጅ።

መጀመሪያ ሞተሩን በመሃል ማቆሚያው አቁመው። የኋላ ጎማው መሬት መንካት የለበትም፤ ከነካ ሞላው በክብደት ተጭኖ ስለሚያጥር ልኬቱ ይበላሻል። ከዚያ ከላይኛው ቡሎን መሃል እስከ ታችኛው ቡሎን መሃል ለካ። ከጫፍ እስከ ጫፍ አይደለም፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። አዲሱ ከፋብሪካው አሞርዛቶር ጋር እኩል ቢሆን ይመረጣል። ከረዘመ የሞተሩ ኋላ ከፍ ይላል፣ የሰንሰለቱ ውጥረት ይለወጣል፣ የጎን ማቆሚያውም ያጥራል። ካጠረ ደግሞ ሰው ጭነህ ጉድጓድ ውስጥ ስትገባ ጎማው ፓራፋንጎውን (የጭቃ መከላከያውን) ሊመታ ይችላል፣ ይሄ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ቀጥሎ ሁለቱን ጫፎች እይ። ታችኛው ቀለበት ነው ወይስ ሹካ? ቡሎኑስ 10፣ 12 ወይስ 14 ሚሊሜትር? ቀዳዳው ከቡሎኑ ከሰፋ በልኩ የተሠራ ቦካላ (ቀዳዳው ውስጥ የሚገባ ቀለበት) አስገባ፣ ቆርቆሮ ጠቅልለህ እንዳታስር በጣም አደራ። የቦካላውን የጎን ስፋትም አትርሳ፤ ጠባብ ከሆነ ይንቀጫቀጫል።

ሞላው ወፍራም ከሆነ ወይም የጋዝ ጠርሙስ ካለው ከሰንሰለት መሸፈኛውና ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) ጋር እንዳይነካካ እጅህን አስገብተህ አረጋግጥ።

ከገጠምከው በኋላ ተቀመጥበት። ምንም ካልወረደ ሞላው ጠንክሮብሃል፤ ሰው ስትጭን እስከ መጨረሻው ከገባ ደግሞ ለጭነትህ ለስላሳ ነው።