ከደሴ ተነስቶ በቼሎ ማይክሮቶን መጫወት ለሚፈልግ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ቼሎ የሚጫወት ወጣት ብዙ አይደለም። ከነሱም መሀል ማይክሮቶንን፣ ማለትም በፒያኖ ቁልፎች መካከል የተደበቁትን ድምፆች፣ ሙያው ማድረግ የሚፈልገው በጣም ጥቂት ነው። ይህን የምጽፈው ለነዚያ ጥቂቶች ነው። ባቲ ከኮምቦልቻ ብዙም አይርቅም። አምባሰል ከሐይቅ አለፍ ብሎ ነው። የቅኝት ስም በሆኑ ቦታዎች ጎረቤት ያደገ ጆሮ ትልቅ ስንቅ አለው። ስንቁ ሳይባክን ሙያ እንዲሆን ግን ከሚከተሉት ስህተቶች መራቅ ያስፈልጋል።

ማይክሮቶን ማለት ሩብ ድምፅ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ

ፒያኖ ላይ አንድ ኦክታቭ፣ ማለትም ከአንድ ሲ እስከ ቀጣዩ ሲ፣ 12 እኩል ግማሽ ድምፆች አሉት። በድምፅ ርቀት መለኪያው በሴንት ሲለካ እያንዳንዱ 100 ሴንት ነው፤ ሙሉው 1200። ብዙ ጀማሪ እያንዳንዱን ለሁለት ይከፍልና 24 ድምፅ ሲያገኝ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ቼኩ አቀናባሪ አሎይስ ሃባ በዚህ መንገድ ብዙ ሠርቷል። አሜሪካዊው ሃሪ ፓርች ግን ኦክታቩን እኩል ባልሆኑ 43 ድምፆች ነው የከፈለው። የሱ መነሻ ድምፆች እርስ በርስ ያላቸው የቁጥር ዝምድና (ለምሳሌ 3 ለ 2) ነበር።

ለቼሎ ተጫዋች ይህ ሁለተኛው መንገድ ይቀርባል፤ መሣሪያው ውስጥ አለና። ወፍራሙን የሲ አውታር ያዙ። አውታሩ በመቃኛው በኩል ከሚጀምርበት ጠርዝ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ብላችሁ ጣታችሁን ሳትጫኑ አሳርፉ። ከዚያ ደጋኑን ሳቡ። የአውታሩ ርዝመት 69 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ጣታችሁ ያለው አንድ ሰባተኛው ላይ ነው። የሚወጣው ድምፅ ቢ ፍላት ይመስላል፤ ከፒያኖው ቢ ፍላት ግን 31 ሴንት ዝቅ ይላል። አውታሩ ራሱ የሚሰጠው ድምፅ ነው፤ ሰባተኛው ሃርሞኒክ ይባላል። በወረቀት ከመቁጠር በፊት ይህን ድምፅ ለረጅም ጊዜ ስሙት።

ተራውን ሳያስተካክሉ ወደ ረቂቁ መሮጥ

ከሁሉም ይልቅ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ጣቱ በደንብ የማያርፍ ተጫዋች "ማይክሮቶን ነው" ብሎ ሊሸፋፍን ይችላል። ሰሚው ለጊዜው ዝም ይላል፤ ሙያውን የሚያውቅ ሰው ግን ወዲያው ይለየዋል። ልዩነቱ ቀላል ነው፦ ያንኑ ድምፅ ደግመህ አምጣው ስትባል ታመጣዋለህ ወይስ አታመጣውም?

ጆሮን የሚያርም አንድ ልምምድ ልንገራችሁ። ጂ፣ ዲ እና ኤ አውታሮቻችሁን ሁለት ሁለቱን አብራችሁ ስትጎትቱ ድምፁ ምንም ሳይንቀጠቀጥ ንጹሕ አድርጋችሁ ቃኙ። አሁን ዲ አውታር ላይ በመጀመሪያ ጣት ኢ ያዙና ከክፍቱ ኤ ጋር አብራችሁ ጎትቱ። እስኪረጋ ድረስ ጣታችሁን አስተካክሉ። ሲረጋ ጣታችሁን ሳታንቀሳቅሱ ያንኑ ኢ ከክፍቱ ጂ ጋር አሰሙት። ይንቀጠቀጣል። እንዲረጋ ከፈለጋችሁ ጣቱ ሰባት ስምንት ሚሊ ሜትር ወደ ላይ፣ ወደ መቃኛው መመለስ አለበት። ሁለቱ ኢዎች በ22 ሴንት ገደማ ይለያያሉ፤ ሁለቱም ግን ትክክል ናቸው። ይህን በጆሮው ያገኘ ተጫዋች ማይክሮቶን ምን እንደሆነ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የስልክ ቲዩነር ብቻ እያየ የሚለማመድ ግን መቼም አያገኘውም፤ ቲዩነሩ የሚያውቀው አንድ ኢ ብቻ ነዋ።

ቫይብራቶንም ለዚህ ልምምድ ተዉት። እጅ እየተወዛወዘ 22 ሴንት አይሰማም።

የወሎን ቅኝት በአንድ ቅጂ ለክቶ መጨረስ

አምባሰል በኖታ ሲጻፍ አምስት ድምፅ ነው፦ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት። አንቺሆዬም እንዲሁ አምስት ነው። ጽሑፉ ለማስተማር ይጠቅማል። መሰንቆ ላይ ግን ጣት አውታሩን ከጎን ነው የሚነካው፤ እንጨት ላይ አይጫነውም፤ እንደ ጊታር ድምፁን የሚወስን ብረትም የለም። ስለዚህ ያቺ ሁለተኛዋ ድምፅ ከተጫዋች ተጫዋች፣ አንዳንዴም ከስንኝ ስንኝ ከፍ ዝቅ ትላለች። አንድ ቅጂ ከኢንተርኔት አውርዶ በኮምፒውተር ለክቶ "የአምባሰል ልክ ይህ ነው" ብሎ መጻፍ ትልቅ ስህተት ነው። የማሪቱ ለገሰን ድምፅ የሰማ ሰው ዜማው በአንድ ቁጥር እንደማይታሰር ያውቃል።

ከሰው ተማሩ። ደሴ ውስጥ መሰንቆ የያዘ ትልቅ ሰው ካገኛችሁ "ጋሼ፣ አንቺሆዬን እስቲ ቀስ አድርገው ያሰሙኝ" በሉት። ሌላ ቀን ያንኑ ዜማ እንዲደግምላችሁ ጠይቁት፤ ከሌላ ተጫዋችም ስሙ። ምን እንደሚቀያየርና ምን እንደማይቀያየር የሚገባችሁ ያኔ ነው። መንዙማና የበገና መዝሙር ከሆነ ደግሞ ስልክ ከማውጣታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ። እምነት ነው፤ ለሙከራ የቀረበ ዕቃ አይደለም።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ስህተት አለ። የተማሩበትን ሰው ስም ሳይጠሩ ሥራውን ውጭ አገር ማቅረብ። የቅጂ መብትና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኙም መብት ይሰጣል። ሕጉ ባይኖር እንኳ አዝማሪው ስሙ መጠራት፣ ጊዜውም መከፈል አለበት። ዋጋውን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ክላሲካሉን መተው

"እኔ ባኅን ጨርሻለሁ፣ አሁን የራሴን ነው" የሚል ወጣት በር ይዘጋበታል። የውጭ ትምህርት ቤቶች ለመግቢያ ፈተና አብዛኛውን ጊዜ የባኅን ስዊት፣ ለብቻ ቼሎ የጻፈውን ሥራ፣ ይጠይቃሉ። በዚህ ዘርፍ ስማቸው የሚጠራ ተጫዋቾችም መሠረታቸው ያው ነው። ቻርልስ ከርቲስ ሃምቡርግ ባለ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ዋናው ቼሎ ተጫዋች ነበር። ፈረንሳዊቷ አቀናባሪ ኤሊያን ራዲግ "ናልጆርላክ" የተባለውን ሥራ የሠራችው ለሱ ነው። ሥራው ሁላችንም ከምንሸሸው "ዎልፍ ቶን" ይነሳል፤ ማለትም ቼሎ ላይ አንድ ቦታ እየተንተባተበ ከሚያስቸግረው ድምፅ። ያንን ድምፅ ለረጅም ጊዜ አረጋግቶ መያዝ የሚችለው ደጋኑን ለዓመታት የገራ እጅ ነው። የአቀናባሪው ዜናኪስ የቼሎ ሥራ "ኖሞስ አልፋ" በ1966 እ.ኤ.አ. ሲጻፍ ሩብ ድምፅ ብቻ አልጠየቀም፤ ቼሎ ላይ የሚቻለውን ሁሉ ጠየቀ እንጂ።

ስለ አጻጻፍ ረጅም አልልም። የራሳችሁን ምልክት አትፍጠሩ። ለሩብ ድምፅ የታወቁ ምልክቶች አሉ፤ ለቁጥር ዝምድናው ደግሞ ማርክ ሳባትና ቮልፍጋንግ ፎን ሽቫይኒትስ ያዘጋጁት የሄልምሆልትዝ ኤሊስ አጻጻፍ አለ። ሌላ ተጫዋች ሊያነበው የማይችል ኖታ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

ያረጀ አውታርና የሐረጎ ቁልቁለት

አውታር ሲያረጅ ውፍረቱ ወጥ አይሆንም። ያኔ ሃርሞኒኩ ይዋሻል፤ ሰባተኛው ያለቦታው ይወጣል፤ እናንተም ጆሯችሁን ትጠራጠራላችሁ። አውታር እንደ ልብ ስለማይገኝ ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ የሚመጣ ሰው ሲኖር ትርፍ አስመጡ። ደሴ ብርድ ናት፤ ኮምቦልቻ ሞቃት ናት። ሐረጎን ወርዳችሁ እንደደረሳችሁ ሳጥኑን ከፍታችሁ ወዲያው አትጫወቱ፤ እንጨቱ ይላመድ፤ ከዚያ ቃኙ። ቼሎ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አይጫንም። ለሁለተኛ ወንበር ክፈሉ።

ስቱዲዮ ውስጥ አስቀድሞ አለመናገር

ለትምህርት ቤትም ለዝግጅትም የምትልኩት ቅጂ ነው የሚወክላችሁ። ባለሙያው ለደግነት ብሎ ድምፁን በኮምፒውተር "ያስተካክለዋል"። ያ ማለት 31 ሴንት የወረደችውን ቢ ፍላት ወደ ፒያኖው ይመልሳታል፤ የደከማችሁበት ሁሉ ጠፋ ማለት ነው። ከመቅዳታችሁ በፊት ምንም የድምፅ ማረሚያ እንዳይጠቀም ንገሩት። ማስተጋቢያም እንዳያበዛ፤ ብዙ ሲሆን ትንንሹን ልዩነት ይውጠዋል። ኪቦርድ የሚያጅባችሁ ከሆነ ደግሞ ብዙዎቹ የያማሃ ኪቦርዶች "ስኬል ቲዩን" የሚባል ማስተካከያ አላቸው። እያንዳንዱን ድምፅ በሴንት ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ኪቦርዲስቱ ቁጥሮቹን እንዲያስገባ አስቀድማችሁ በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት፤ ከዚያ መጀመሪያ ክፍት አውታሮቻችሁን ከኪቦርዱ ጋር አስማምታችሁ ቅጂውን ጀምሩ።