የአንድን ቃል አመጣጥ እንዴት እንመርምር? «መዲና»ን ይዘን

የቃልን አመጣጥ ሲመረምሩ አስቀድመው ሥሩን ይፈልጉ። «መዲና» በአማርኛ ርእሰ ከተማ፣ በዐረብኛ ማንኛውም ከተማ፣ በዛሬው ዕብራይስጥ ደግሞ መንግሥት ያለው አገር ነው። መነሻውን «መ» እና የመጨረሻውን የአንስታይ ምልክት ሲያነሡ «ድ-ይ-ን» ይቀራል፤ ይህም በግእዙ «ደይን» የምናውቀው የፍርድ ሥር ስለሆነ፣ ቃሉ በአራማይስጥ (የዐረብኛና የዕብራይስጥ ዘመድ በሆነው ጥንታዊ ቋንቋ) በመጀመሪያ አንድ ዳኛ የሚፈርድበትን ግዛት ያመለክት እንደነበር ያስረዳል። ቀጥሎ የቆየ ጽሑፍ ይመልከቱ፤ በዕብራይስጡ መጽሐፈ አስቴር የፋርሱ ንጉሥ የሚገዛቸው 127 «መዲናዎች» ከተሞች ሳይሆኑ አውራጃዎች ናቸው። በመዝገበ ቃላት ፍለጋ ላይ ግን ይጠንቀቁ፤ የዐረብኛ መዝገበ ቃላት ብዙውን ጊዜ «መ»ን ከሥረ ፊደላት ቆጥረው ቃሉን በ«ም-ድ-ን» ስለሚያስቀምጡት፣ በ«ድ-ይ-ን» ብቻ የፈለገ ሰው ላያገኘው ይችላል።